ፍራሹን ማንሳት

አበል የበላ ሰው ይህን ሂሳብ ያውቀዋል። መሥሪያ ቤቱ በቀን ይህን ያህል ብሎ ይቆርጥላችኋል። ለአልጋና ለምግብ ከወጣው የተረፈው የእናንተ ነው። ስለዚህ መሽቶ ከመኪና ስትወርዱ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። ርካሽ አልጋ የት ይገኛል?

በ2010 ዓ.ም. ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ ሰሜን ሸዋን እየዞርኩ መጠይቅ እሞላ ነበር። መረጃ ሰብሳቢ ይሉናል። አራት ሰብሳቢዎች፣ አንድ ሱፐርቫይዘርና አንድ ሹፌር ነበርን። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አበላችን በቀን 350 ብር ነበር። አልጋ እንደየቤቱ ከ60 እስከ 150 ብር። (ዋጋው የዚያን ጊዜ ነው። ዛሬ በ60 ብር ምን እንደሚገኝ እናንተው ታውቃላችሁ።) እራት አንዳንዴ ሽሮ፣ አንዳንዴ የደብረ ሲና ቆሎ ከሻይ ጋር። በዚያ ቁጠባ የገዛሁት ፍሪጅ ዛሬም ይሠራል። በሩን ስከፍት የሆነ ቤት ሽታ የሚመጣብኝ ቀን አለ።

ከባልደረቦቼ የሚለየኝ ግን አንድ ነገር ነበር። እኔ ያደግኩት አልጋ ቤት ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ እቴቴ ሰባት አልጋ ታከራይ ነበር። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከፊት ሻይና አረቄ የሚሸጥበት ክፍል አለ። በጓሮ በኩል ሰባት በሮች ተደርድረዋል። ቁጥራቸው በቀይ ቀለም ተጽፏል። 3 ቁጥር መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ለባልና ሚስት ነው የሚሰጠው። 6 ቁጥር ያፈሳል። እኔ ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንሶላ አጥባለሁ።

ደብረ ብርሃን አንሶላ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ማታ ገመድ ላይ የተረሳ አንሶላ ጠዋት እንደ ጣውላ ግትር ብሎ ይጠብቃችኋል። ከአክስቴ ልጅ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን እንደ በር ተሸክመን እናስገባው ነበር። ይሄ የበጋው ነው። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አይደርቅም። ሦስት ቀን ተሰቅሎ እርጥብ ነው። እንግዳ ደግሞ አይጠብቅም። እቴቴ በከሰል ካውያ ተጭን ተጭን ታደርገውና ትኩስ ስለሆነ ደረቅ ይመስላል። ነሐሴ ላይ ደብረ ብርሃን ርካሽ አልጋ ይዛችሁ ሌሊት ጀርባችሁን ከቀዘቀዛችሁ፣ ያጠብኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። ይቅርታ።

እቴቴ ስለ ብርዱ የሚያማርር እንግዳ ሲመጣ አንድ መልስ ነበራት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ቦታውን ደብረ ብርሃን ያሉት ይባላል። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ ድንኳን እየተከሉና እየነቀሉ ነበር የሚኖሩት። እሳቸው ግን እዚሁ ቤት አሠርተው ተቀመጡ። እቴቴ ይህን ታወራና «ንጉሡስ እዚሁ አይደል እንዴ አልጋ የያዙት?» ትላለች። እንግዳው ይስቃል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ግን አይሰጠውም።

ከሷ የተማርኩት እንግዳን መለየት ነው። አብዛኛው ሰው ክፍል ሲያሳዩት ግድግዳውን፣ ትራሱን፣ ቴሌቪዥን ካለ ቴሌቪዥኑን ያያል። ወደ ደሴ የሚወጡት የጭነት መኪና ሹፌሮች ግን ሌላ ናቸው። ገብተው ምንም ሳይናገሩ በአንድ እጃቸው የፍራሹን ጥግ ብድግ ያደርጋሉ። ከዚያ የበሩን መቀርቀሪያ ገፋ፣ መለስ። ከዚያ ቧንቧ። እቴቴ እንደዚህ ዓይነቱን ስታይ ዋጋ አትጨምርም። «አልጋ ያውቃል» ትለኛለች በቀስታ።

እነዚያው ሹፌሮች፣ በተለይ ሸምገል ያሉት፣ አልጋ ቤቱን «ቤርጎ» ነው የሚሉት። ቃሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ ዋሻ ሠራ፤ ቃሉንም ትቶልን ሄደ። ሁለቱም እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። እኛ ደግሞ በራሳችን ቋንቋ «አልጋ» እንላለን። «ክፍል አለ?» የሚል ሰው ከሩቅ አገር የመጣ ነው። «አልጋ አለ?» ነው ወጉ። አልጋ ዙፋንም መሆኑን አንኮበር ስደርስ ነው ያሰብኩት፤ እደርስበታለሁ።

ፈረንጆች ሆስቴል የሚሉት ነገር አለ። አንድ ሰፊ ክፍል፣ ብዙ ተደራራቢ አልጋ፣ የማይተዋወቅ ሰው አንድ ላይ ያድራል። ክፍያው በየአልጋው ነው። አንድ ጊዜ ሻንጣውን በጀርባው ያዘለ ወጣት ፈረንጅ እቴቴ ቤት መጥቶ ይህንኑ ጠየቀ። እኔ አስተረጎምኩ። እቴቴ ደነገጠች። «የማይተዋወቁ ሰዎች? አንድ ላይ? ምን ብዬ ነው ሰው ቤት የማሳድረው?» አለች። የረሳችው ነገር ነበር። አርብ ማታ ለቅዳሜ ገበያ ከገጠር የሚመጡ ሰዎች ከኋላ ያለው ትልቁ ክፍል መደብ ላይ ነበር የሚያድሩት። በነፍስ ወከፍ ይከፍላሉ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን በጎናቸው አጋድመው፣ የብሩን ቋጠሮ ከራሳቸው ሥር አድርገው ይተኛሉ። አሥራ አምስት ሰው ሲያንኮራፋ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ይነሳሉ፤ መደቡ ባዶ ይሆናል። ሆስቴል ማለት ይኸው ነው። ቁርሱ ብቻ ነው የቀረው።

ወደ መንዝ የሄድነው በታኅሣሥ ነው። ጣርማ በር ላይ ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ትገነጠሉና በሞላሌ አድርጋችሁ መሐል ሜዳ ትገባላችሁ። ሹፌራችን የድሬ ልጅ ነው። ከሞላሌ ጀምሮ ዝም አለ። መሐል ሜዳ ስንደርስ ከመኪናው አልወርድም አለ።

የያዝነው አልጋ 70 ብር ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ ጋዜጣ የተለጠፈበት። መስኮቱ የሁለት መዳፍ ያህል። አልጋው ላይ ግን ባና ነበር። ባናን የማታውቁ ካላችሁ፣ መንዞች ከበግ ፀጉር ፈትለው የሚሠሩት ልብስ ነው። ይከብዳል። ስትገቡበት ሰው የተኛባችሁ ይመስላችኋል። ትንሽ በግ በግ ይሸታል። ይቆረቁራልም። ግን ብርድ የሚባል ነገር አያሳልፍም። እኔ በደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ለከተማችን ምርት ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ የዚያን ሌሊት ባናን መረጥኩ።

ሹፌራችን ግን አልበቃውም። ከሰል ተያይዞ ክፍሉ እንዲገባለት ጠየቀ። የቤቱ እመቤት፣ ስድሳ የሚሆናቸው እናት፣ እምቢ አሉ። እሱ እከፍላለሁ አለ። ሃያ ብር አለ። ሠላሳ አለ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ እኔ ጠዋት በር ሰብሬ ሬሳ አላወጣም» አሉት።

ተናደደ። እኔ ግን እጃቸውን ልስም ፈልጌ ነበር። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ያማል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥላል። አንዳንዱ ከዚያ እንቅልፍ አይነቃም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ስለሆነ ሰው የዳነ ይመስለዋል። እቴቴም ቤት ሕጉ ይኸው ነበር። ካውያው እንኳን ውጭ ነው የሚቀጣጠለው። ርካሽ አልጋ ቤት ከሰል ካመጡላችሁ አመስግናችሁ በረንዳ ላይ አስቀምጡት። እናትየው በመጨረሻ ውኃ አፈሉና ሦስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ሞልተው፣ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልለው ሰጡት። ጠዋት ሳየው እንደ ሕፃን አቅፎት ተኝቷል።

ሸዋ ሮቢት የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ስትወርዱ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጠዋት ሁለት ሹራብ ለብሳችሁ የተነሳችሁት ሰዎች ከሰዓት በኋላ በቲሸርት ናችሁ። የአልጋው ጥያቄም ይለወጣል። ብርድ ልብስ አያሳስብም። አጎበር አለ? ቀዳዳ አለው? ማራገቢያው ይዞራል ወይስ ለጌጥ ነው? አጎበሩን ከመብራቱ አንጻር ይዛችሁ እዩት። ቀዳዳ ካለ በላስቲክ ወይም በፀጉር ማስያዣ ቋጠር አድርጉት። እኔ እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ የፀጉር ማስያዣ ከፀጉሬ ይበዛል።

አሁን ወደ ክፉው ሌሊት። ከተማውንም ቤቱንም አልጠራም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግርና በመኪና ስንዞር ውለን ነው የገባነው። ቤቱ አዲስ ነው። በሩ ቀለም ይሸታል። አንሶላው ነጭ። 120 ብር፣ ሻወር ያለው። ደስ አለኝ። ፍራሹን ሳላነሳ ተኛሁ። በሕይወቴ ያላነሳሁት አንድ ፍራሽ ያ ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንገቴ ሥር አከከኝ። ከዚያ ክንዴ። የስልኬን መብራት ሳበራ አንዱ ትራሱ ላይ በእርጋታ ይሄዳል። ትኋን አይሮጥም፤ የቤቱ ባለቤት ነው። ፍራሹን አነሳሁ። ስፌቱ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ፣ የአልጋው መጋጠሚያ ውስጥ ደግሞ ራሳቸው። ንክሻው በመስመር ነው፤ ሦስት፣ አራት ተከታትሎ። ቀሪውን ሌሊት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ አደርኩ።

ጠዋት ለባለቤቱ ነገርኩት። አየኝ፤ ሻንጣዬን አየ። «ከአንቺ ጋር ይሆናል የመጣው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። መልስ ግን አጣሁ። ምክንያቱም ይህንኑ ቃል እቴቴ ለስንቱ እንግዳ ስትለው ሰምቻለሁ። ሊሆንም ይችላል ደግሞ። ትኋን ከቤት ቤት የሚጓዘው በሻንጣና በልብስ ነው። ሳይበላ ወራት ይቆያል። አዲስ ቤት፣ አሮጌ ቤት፣ ንጹሕ፣ ቆሻሻ አይልም። ከኔ በፊት ያደረው ሰው ይሁን፣ እኔ ከሌላ ቤት አምጥቼው ይሁን ማን ያውቃል? ብቻ 120 ብሬ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሻንጣዬን አልጋ ላይም፣ ከአልጋ ሥርም አላስቀምጥም። ሚስማር ካለ እሰቅለዋለሁ፤ ከሌለ ወንበር ላይ። ቤት ስመለስ ልብሴ ሁሉ ከበር ሳያልፍ የፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል። እቴቴ የብረት አልጋዎቹን መጋጠሚያ በየወሩ በፈላ ውኃ ታጥብ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። ልጅ ሆኜ ትርፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ሴት ብቻዋን አልጋ ስትይዝ የሚጠየቀውን ጥያቄ ወንዶቹ ባልደረቦቼ አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። «ብቻሽን ነሽ?» ጥያቄው አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ስለሚያስብልሽ ነው የሚጠይቅሽ። ሌላው ስላሰበ ነው የሚጠይቅሽ። አንድ ቤት «ሴት ብቻዋን አናሳድርም» ብለው መለሱኝ። ሱፐርቫይዘራችን መታወቂያውንና የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ አውጥቶ ሲከራከር በር ላይ ቆሜ ነበር። አላደርኩበትም። ሌላ ቦታ ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። መያዣው ዞረ። «ማነው?» ስል «ኧረ ተሳስቼ ነው» አለ አንድ ድምፅ። ትንሽ ቆይቶ ያው ሰው እንደገና ተሳሳተ። ጠረጴዛውን ገፍቼ በሩ ላይ አስደገፍኩት። አብሮኝ የነበረው ነገር ቢኖር ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው የጠረጴዛው ድምፅ ነው።

ከዚያ በኋላ አልጋ የምይዝበት መንገድ ተለወጠ። መጀመሪያ የማየው ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ ነው። ቁልፉ ከእናት ወገብ ላይ ከተንጠለጠለ ክፍሉ ቢያስጠላም እገባለሁ። ቁልፉ መጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ከተጣለ ክፍሉ ቢያምርም አልገባም። ከኩሽናው አጠገብ ያለውን ክፍል ስጡኝ እላለሁ። ይጨሳል፣ ጠዋት በሙቀጫ ድምፅ ነው የምትነቁት፤ ግን ሌሊቱን ሴቶች በአጠገባችሁ ይተኛሉ። ሁለተኛ ቁልፍ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ደብረ ብርሃን ገበያ የገዛሁት የራሴ ጓጉንቸር አለኝ። ብዙው ርካሽ ቤት በጓጉንቸር ስለሆነ የሚቆለፈው፣ የነሱን አስቀምጬ የኔን አደርጋለሁ። እስከ ዛሬ የተቀየመኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ቤት አላደርኩም።

አንኮበር የደረስነው በጥር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ይባላል። ጥር ማለት ደግሞ ሠርግ ነው። የከተማውን አልጋ ሁሉ ሠርገኛ ይዞታል። አንዱ ቤት፣ ሁለተኛው ቤት፣ ሦስተኛው ቤት «አልጋ የለም»። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረች አገር ላይ ቆሜ አልጋ የለም ስባል ሳቄ መጣ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አልጋ እዚህ ነበር። ምኒልክም እንጦጦ ሳይወጡ እዚህ ነበሩ። ለኔ አንድ የሽቦ አልጋ ጠፋ።

ወንዶቹ መኪና ውስጥ ለማደር ወሰኑ። እኔን አንዲት ሻይ የምትሸጥ ልጅ ወደ አያቷ ቤት ወሰደችኝ። ደጃፍ ላይ ቆመን «የመሸባት እንግዳ ናት» አለች። ከውስጥ አንድ ድምፅ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አለ። ይህን ቃል ከሽማግሌ አፍ ሰምቼው አውቃለሁ፤ ለኔ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እግሬን ሊያጥቡኝ ውኃ አቀረቡ። አፈርኩ፤ ራሴ ታጠብኩ። ቂጣ በአዋዜ በላን። የልጃቸውን አልጋ ለቀቁልኝ፤ አንሶላው ንጹሕ፣ ካውያ የገባው።

ጠዋት ስሰናበት ብር ማውጣት ነውር እንዳይሆንብኝ እየተጨነቅኩ ቆምኩ። እማማ አዩኝ፤ ገባቸው። «ቤቱ የእግዚአብሔር ነው የኔ ልጅ» አሉ። «አንሶላው ግን የኔ ነው። ሳሙና ተወዷል።» ሃምሳ ብር ሰጠኋቸው። ሃያውን መለሱልኝ። የአንሶላ አጣቢ ልጅ ነኝና፣ ከዚያ የበለጠ ትክክለኛ ሂሳብ አላውቅም።

ሥራው በሐምሌ አለቀ። የመጨረሻውን መጠይቅ አስረክበን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ዝናቡ ያወርደዋል። እናቴ ቤት በሩ ተቆልፏል፤ አዲስ አበባ ለቅሶ ሄደዋል። እቴቴ ጋ ሄድኩ። የዝናብ ማታ ነውና መንገደኛው ሁሉ ገብቷል፤ አልጋ ሞልቷል። የቀረው 6 ቁጥር ነው።

እቴቴ ፋኖስ ይዛ አስገባችኝ። መብራት ጠፍቷል። ቦርሳዬን ሚስማር ላይ ሰቀልኩ። ከዚያ፣ ሳላስበው፣ እጄ የፍራሹን ጥግ ብድግ አደረገ። ስፌቱን በጣቴ ዳሰስኩ። መጋጠሚያውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል እቴቴ ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ይዛ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ስንት ዓመት አብሬያት የሠራሁበት ቤት ነው።

እፍረቴን የማደርግበት አጣሁ። እሷ ግን ፋኖሱን ወደ ጣራው አነሳችው።

«እዚያ ምን ትፈልጊያለሽ? የዚህኛው ችግር ከላይ ነው» አለችና ባልዲውን በእግሯ ወደ አልጋው ራስጌ ገፋችው።